በ«ታገሉ» ውስጥ የተሰወሩ ሴቶች

ኅዳር 29 ቀን ሁለት ታሪኮችን ተሸክሞ የሚመጣ ዕለት ነው። አንደኛውን ሁላችንም እናውቀዋለን። በ1987 ዓ.ም. በዚህ ዕለት የኢፌዴሪ ሕገ መንግሥት ጸደቀ፤ ከ1999 ዓ.ም. ጀምሮም ቀኑ የብሔሮች፣ ብሔረሰቦችና ሕዝቦች ቀን እየተባለ ሲከበር ቆይቷል። ሁለተኛውን ግን የሚያስታውሰው ጥቂት ሰው ነው። ኅዳር 29 ቀን 1965 ዓ.ም. ሰባት ወጣቶች ከአዲስ አበባ የተነሣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ አውሮፕላን ለመጥለፍ ሞከሩ፤ ስድስቱ ሕይወታቸው አለፈ። ከሟቾቹ አንዱ ዋለልኝ መኮንን ነው። በኅዳር 1962 ዓ.ም. ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ የጻፈው አጭር ጽሑፍ ዛሬም የሚወደስበትና የሚወገዝበት፣ በደጋፊም በነቃፊም አፍ ስሙ የማይጠፋ ሰው ነው። ከሟቾቹ ሌላዋ ማርታ መብራህቱ ትባላለች። የሕክምና ተማሪ ነበረች። ከሰባቱ መካከል በጽኑ ቆስላ የተረፈችውም ሴት ናት፤ ታደለች ኪዳነ ማርያም።

አውሮፕላን መጥለፍን ለማወደስ አልተነሣሁም። ያ ድርጊት ትክክል ነበር አልልም። የምጠይቀው ሌላ ነገር ነው። በአንድ አውሮፕላን ውስጥ፣ በአንድ ሰዓት፣ ለአንድ ዓላማ ከሞቱ ሰዎች መካከል የአንዱ ስም የአንድ ትውልድ መለያ ሲሆን የሌላዋ ስም ለምን የግርጌ ማስታወሻ ሆነ? ተማሪዎቼን ስለ ተማሪዎች ንቅናቄ የሚያውቋቸውን ሰዎች እንዲቆጥሩልኝ ስጠይቅ ጥላሁን ግዛው፣ ዋለልኝ መኮንን፣ ብርሃነ መስቀል ረዳ፣ ኃይሌ ፊዳ እያሉ ይወርዳሉ። ከሴት አንድ ስም ጨምሩ ስላቸው ክፍሉ ጸጥ ይላል። ዝምታው የተማሪዎቹ ጥፋት አይደለም። የተሰጣቸውን ነው የሚመልሱት።

ውድ አንባቢ፣ ከቋንቋችን ልጀምር። አማርኛ በነጠላ ሲናገር ጾታን አይደብቅም። «ታገለ» እና «ታገለች» አይምታቱም፤ ሰሚው ወንድ ይሁን ሴት ወዲያውኑ ይለያል። ወደ ብዙ ስንሻገር ግን ይህ ልዩነት ይጠፋል። «ተማሪዎች ተሰለፉ»፣ «አርበኞች ተዋጉ»፣ «ገበሬዎች ታገሉ» ስንል ግሡ ማን እንደ ነበረ አይነግረንም። ሰዋስው በራሱ አድሏዊ ሆኖ አይደለም፤ «ታገሉ» ሁሉንም ያቅፋል። አድልዎው የሚመጣው ከብዙው ወደ ነጠላው ስንመለስ ነው። «ታገሉ» ብለን ከጨረስን በኋላ ስም መጥራት ስንጀምር፣ ሐውልት ስናቆም፣ መንገድ ስንሰይም፣ የመማሪያ መጽሐፍ ስንጽፍ «ታገለ» እንላለን እንጂ «ታገለች» አንልም። በብዙ ቁጥር የገባችው ሴት በነጠላ ሳትወጣ ትቀራለች። ታሪካችን ሴቶችን የሚያጣው በዚህ መንገድ ነው፤ በክህደት ሳይሆን በጅምላ በመጥራት።

የተማሪዎች ንቅናቄ የእኩልነት ንቅናቄ ነበር። በየካቲት 1957 ዓ.ም. «መሬት ለአራሹ» ብሎ አደባባይ የወጣ ትውልድ ነው። ሆኖም በመጋቢት 1960 ዓ.ም. በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የፋሽን ትርዒት ሲዘጋጅ የሆነውን እናስታውስ። ተቃውሞው የባዕድ ባህል ወረራን መከላከል ነው ተባለ። በተግባር ግን ለትርዒቱ የመጡ ሴቶች ተሰደቡ፤ ተዋከቡም። ኢምፔሪያሊዝም የተፈለገው በሴቶች ቀሚስ ላይ ነበር። በኋላም ንቅናቄው የሴቶችን ጥያቄ በአጀንዳው ላይ ሲያሰፍር የሰጠው መልስ አጭር ነበር፦ መደብ ነፃ ሲወጣ ሴቷም አብራ ትወጣለች። የብሔረሰብ ጥያቄ ራሱን የቻለ ክርክር፣ ራሱን የቻለ ጽሑፍ፣ ኋላም ራሱን የቻለ የሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 አገኘ። የሴቷ ጥያቄ ሌላ ጥያቄ እስኪመለስ ተሰልፎ እንዲጠብቅ ተደረገ።

ሴቶቹ ግን ተራ እየጠበቁ አልነበሩም። በመኢሶን ውስጥ ንግሥት አዳነ ነበረች፤ በዚያ የደም ዘመን ሕይወቷን ከፍላለች። ወ/ሮ ታደለች ኃይለ ሚካኤል ከኢሕአፓ ጋር በነበራቸው ትግል በደርግ ዘመን ለዓመታት ታስረዋል፤ ባለቤታቸው ብርሃነ መስቀል ረዳም ተገድሏል። በኋላ የሴቶችን ጉዳይ በሚኒስትርነት መርተዋል፤ «ዳኛው ማነው?» በተባለው መጽሐፋቸውም ያዩትንና የሆኑትን በራሳቸው ብዕር ጽፈዋል። ብዙዎች እርሳቸውን የሚያውቋቸው ግን በባለቤታቸው ስም በኩል ነው።

እስካሁን የጠራኋቸው ሴቶች የተማሩ ናቸው፤ ብዙዎቹም የከተማ ልጆች። ቢያንስ ስማቸው በአንድ ወረቀት ላይ ይገኛል። አሁን ወደ አገሬ ወደ አዊ ልውረድ። እዚህ ጥያቄው ይከብዳል።

የአዊ ሕዝብ ስለ ራሱ የሚናገረው የትውልድ ታሪክ ከላስታ በመጡ ሰባት ወንድማማቾች ይጀምራል። «ሰባት ቤት አገው» የምንለው ከዚያ ነው። ይህን ትውፊት እወደዋለሁ፤ አንድነታችንን ያቆየ ነው። ነገር ግን ሰባት ቤት በሰባት ወንዶች ብቻ አይቆምም። በእያንዳንዱ ቤት ውስጥ ጎጆውን ያቆመች፣ አዊኛን ለልጆቿ በጡቷ ያጠባች ሴት ነበረች። ዛሬ ልጆቻችን በአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው መማራቸውን የብሔረሰብ መብት ውጤት እንለዋለን፤ ልክ ነን። ይሁንና ቋንቋው በጽሕፈት ቤት፣ በፍርድ ቤትና በትምህርት ቤት ቦታ ባልነበረው በዚያ ረጅም ዘመን ማን ነው ጠብቆ ለአዋጁ ያደረሰው? ቢሮ የሄደው፣ ገበያ የወጣው፣ ግብር የከፈለው፣ ጦር የዘመተው ወንድ አማርኛ መናገር ግድ ሆነበት። በምድጃው ዙሪያ የቀረችው ሴት አዊኛዋን ይዛ ቀረች። ያንን ጊዜ «ማይምነት» እያልን የናቅነው ነገር ዛሬ «ቅርስ» ሆኗል። ቅርሱን ተረክበናል፤ ያስረከበችን ማን እንደ ሆነች ግን አንናገርም።

በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በእንጅባራ የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል። ማኅበሩ የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው፤ በዓድዋ ጦርነት የተሳተፉ ፈረሶችንና ፈረሰኞችን ለመዘከር እንደ ቆመም ይነገራል። ፈረስን ማክበር ምስጋና ማወቅ ነው፤ ከዚህ በላይ የሚያኮራ ልማድ ብዙ የለንም። ነገር ግን እስቲ እናስብ። ዘመቻ ማለት ስንቅ ማለት ነው። ፈረሱ የሚበላው ገብስ፣ ፈረሰኛው የሚቋጥረው በሶና ዳቦ ቆሎ፣ ጠላውና ቂጣው በማን እጅ ተሰናዳ? ስንቁን ተሸክማ ከሠራዊቱ ኋላ የተጓዘችው፣ ውኃ የቀዳችው፣ ቁስለኛ ያነሣችው ማን ናት? የዓድዋ ፈረስ የመታሰቢያ ቀን አለው። የዓድዋ ወፍጮ ግን የለውም።

ሌላ ምሳሌ ከራሳችን ምድር ልጨምር። በ1933 ዓ.ም. መጀመሪያ አጋማሽ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከሱዳን በኩል ሲመለሱ ያጀባቸው የጌዴዎን ጦር የተባለው ኃይል በበላያ በኩል ወደ እንጅባራ ወጣ። የጣሊያን ጦርም ከእንጅባራና ከዳንግላ ለቆ ሸሸ። ስለዚያ ዘመቻ የተጻፉ የእንግሊዝ መጻሕፍት ጭነት የጫኑ ግመሎች ከ15,000 እንደማያንሱና አብዛኞቹ በመንገድ እንዳለቁ ይነግሩናል። ግመሎቹ ተቆጥረዋል። በአምስቱ ዓመት ለአርበኛው እህል ያቀበለች፣ ወሬ ያደረሰች፣ ጥይት በእንስራና በቅርጫት ደብቃ ያሳለፈች የጎጃም ሴት ግን አልተቆጠረችም። አማርኛችን ለዚህ ሥራ ውብ ስም ሰጥቶታል፤ «የውስጥ አርበኛ» ይለዋል። ስሙ ራሱ ችግሩን ይናገራል። የውስጥ አርበኛ ሥራው የሚሳካለት ሳይታይ ሲቀር ነው። ጠላት እንዳያያት የተሰወረችውን ሴት፣ ጠላት ከሄደ በኋላም ወገን ሳያያት ቀረ።

እዚህ ላይ የሚነሣውን ተቃውሞ አውቀዋለሁ። «እቴጌ ጣይቱስ? ሸዋረገድ ገድሌስ? ከበደች ሥዩምስ? ስንዱ ገብሩስ?» ይባላል። እውነት ነው፤ እነዚህን ሴቶች ታሪክ አልዘነጋቸውም። ወ/ሮ ስንዱ ገብሩ በፋሺስት ወረራ ጊዜ ወደ ጣሊያን ምድር ተግዘው ታስረዋል፤ በኋላም የእቴጌ መነን ትምህርት ቤትን መርተዋል፤ በ1948 ዓ.ም. የተሻሻለው ሕገ መንግሥት ለሴቶች የመምረጥና የመመረጥ በር ከከፈተ በኋላ በ1950 ዓ.ም. የመጀመሪያዋ ሴት የፓርላማ አባል ሆነዋል። ክብር ይገባቸዋል። ነገር ግን እነዚህን ስሞች ደግመን እንመልከታቸው። እቴጌ፣ የመኳንንት ልጅ፣ በውጭ አገር የተማረች። ከመጋረጃው ፊት የታዩት በትውልዳቸውና በትምህርታቸው ከፍታ ላይ የነበሩት ናቸው። አንዲት እቴጌ መቶ ሺህ ሴቶችን ወክላ ስትቆም መቶ ሺዎቹ ተከብረው ሳይሆን ተጋርደው ይቀራሉ። ጣይቱን መጥራታችን የአንከሻዋን ወይም የባንጃዋን ስንቅ አዘጋጅ እንደ ጠራን አያስቆጥርልንም።

«ነፃነት ለሁሉም ሲመጣ ለሴቷም ይደርሳል» የሚለውን መከራከሪያ ደግሞ በተግባር ፈትነነዋል። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው የገጠር መሬት አዋጅ መሬት አርሶ ለመኖር ለሚሻ ሰው ሁሉ ጾታ ሳይለይ እንዲሰጥ ደንግጓል። ከአብዮቱ ሥራዎች ሁሉ ትልቁ ይህ ነበር፤ ቃሉም ንጹሕ ነበር። ቃሉ ወደ ቀበሌ ሲወርድ ግን መዝገብ ያስፈልገው ነበር። የገበሬ ማኅበሩ መዝገብ የቤተሰብ ኃላፊን መዘገበ፤ የቤተሰብ ኃላፊ ማለት ደግሞ ባል ማለት ነበር። መበለቲቱና ፈቷ በራሷ ስም ልትገባ ትችላለች፤ ያገባችው ግን መሬቷን በባሏ በኩል አገኘች። ሲፋቱ መሬቱም ከስሙ ጋር ቀረ። በ1972 ዓ.ም. የአብዮታዊት ኢትዮጵያ ሴቶች ማኅበር ሲቋቋም ሴቶች በየቀበሌው ተደራጁ፤ መሬቱ ግን በሌላ መዝገብ ላይ ነበር። አዋጅ «ሰው ሁሉ» ብሎ ሲጽፍ መዝገብ «እገሌ» ብሎ ይጽፋል። ሴቷ የወደቀችው በሁለቱ መካከል ነው።

ለውጥ የመጣውም መዝገቡ ሲለወጥ ነበር። በክልላችን በ1990ዎቹ የገጠር መሬት ይዞታ ማረጋገጫ ደብተር መሰጠት ሲጀምር የባልና የሚስት ስም አብሮ ተጻፈ፤ የሁለቱም ፎቶግራፍ ተለጠፈ። በጾታ እኩልነት ስም ብዙ ስብሰባ ተሰብስቧል፤ ብዙ መፈክር ተሰምቷል። ለገጠሯ የአዊ ሴት ግን ያቺ ትንሽ ፎቶግራፍ ከስብሰባዎቹ ብዙዎቹን ትበልጣለች ብዬ አምናለሁ። በፍቺ ጊዜ ይዛው የምትቆመው ማስረጃ ነውና። የቀረው ጥያቄ ማስረጃው ሥራ ላይ ይውላል ወይ የሚለው ነው። ዛሬ በፋግታ ለኮማና በአካባቢው የእህል ማሳ ብዙው ወደ ዲከረንስ ዛፍ ተለውጧል፤ ከሰሉም ጥሩ ገንዘብ ያስገኛል። ችግኙን ስትተክል፣ ስትኮተኩት፣ ከሰሉን ስትሸከም የምትውለው ሴት ዛፉ ቆሞ ሲሸጥ ከዋጋው ስምምነት ላይ ትገኛለች? ገንዘቡ ሲቆጠርስ? ስሟ በደብተሩ ላይ ያለ ሴት ከገበያው ከጠፋች፣ መዝገቡ ገና ግማሽ መንገድ ላይ ነው ማለት ነው።

ስም አለመጠራት ቀላል ነገር ነው፤ ዋናው መብቱ መከበሩ ነው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ለእነርሱ የአበራሽ በቀለን ታሪክ ላስታውሳቸው። እ.ኤ.አ. በ1996 በአርሲ የ14 ዓመት ተማሪ ሳለች ተጠለፈች፤ ተደፈረችም። ለማምለጥ ስትሞክር ጠላፊዋን ተኩሳ ገደለች። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የኢትዮጵያ ሴቶች ሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ጥብቅና ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ለመከላከል ያደረገችው መሆኑን ተቀብሎ ነፃ አወጣት። በዚያን ጊዜ በሥራ ላይ የነበረው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ጠላፊ የጠለፋትን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበትን መንገድ ይዞ ነበር። የሕግ ባለሙያዎቹ ባደረጉት ትግል መጀመሪያ በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ወጣ፤ የጋብቻ ዕድሜን 18 ዓመት አደረገ፤ ባልን የቤተሰብ የበላይ የሚያደርገውን ድንጋጌም ሻረ። የእኛም ክልል በ1995 ዓ.ም. የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ቀጥሎ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት የሚያስቀጣ አደረገው፤ ጋብቻም ከተጠያቂነት እንደማያድን ደነገገ። ዛሬ የዳንግላ አባት ሴት ልጁን ትምህርት ቤት ሲልክ የሚመካበት ሕግ በአንዲት የአርሲ ልጅ መከራ ውስጥ አልፎ የመጣ ነው።

ከዚያስ? እ.ኤ.አ. በ2014 «ድፍረት» የተሰኘው ፊልም ታሪኩን ይዞ በዓለም ዞረ፤ ተሸለመም። በነሐሴ 2006 ዓ.ም. መጨረሻ ግን በአዲስ አበባ ሊታይ በተዘጋጀበት ምሽት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ታገደ። አበራሽ በሕይወት ነበረች። ታሪኬን ሳትጠይቁኝ ወሰዳችሁ ብላ ነበር አቤት ያለችው። እገዳው ቆይቶ ተነሥቷል። የፊልሙ ሠሪዎችም ሆኑ የሕግ ባለሙያዎቹ ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ ከልባቸው ለመልካም ነገር የቆሙ ነበሩ። የእኔም ነጥብ ይኸው ነው። ከልብ በሆነ የመብት ትግል ውስጥ እንኳ የገጠሯ ልጅ «ጉዳይ» ትሆናለች፤ ሰው መሆኗ ይዘገያል። ስም አለመጠራት ቀላል ነገር ቢሆን ኖሮ አበራሽ ፍርድ ቤት ባልሄደች ነበር።

ያ ማኅበር ራሱም ከመዘንጋት አልዳነም። በአዋጅ ቁጥር 621/2001 ከውጭ ገቢው ከመቶ አሥር በላይ የሆነ ድርጅት በሴቶች መብት ላይ እንዳይሠራ ሲከለከል ማኅበሩ ክንፉ ተቆረጠ፤ በነፃ የሕግ ምክር ይሰጥ የነበረበት ሥራም ክፉኛ ተዳከመ። አዋጁ በ2011 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1113 እስኪተካ ድረስ ዐሥር ዓመት አለፈ። የፖለቲካ ሰዎቻችን ስለዚያ ዐሥር ዓመት ሲያወሩ የጋዜጦችንና የፓርቲዎችን መዳከም ያነሣሉ። ጠበቃ ያጣችውን የገጠር ሴት የሚያነሣ ግን ብዙ አልሰማሁም።

ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። የጥቁር አሜሪካውያን የመብት ንቅናቄ በዓለም ሁሉ የሚጠቀስ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 1955 በሞንትጎመሪ ከተማ ክሎዴት ኮልቪን የተባለች የ15 ዓመት ጥቁር ተማሪ በአውቶቡስ መቀመጫዋን ለነጭ አልለቅም ብላ ታሰረች፤ ሮዛ ፓርክስ ተመሳሳዩን ከማድረጓ ዘጠኝ ወራት ቀደም ብሎ። ሮዛ ፓርክስ በታሰረች ሌሊት በአሥር ሺዎች የሚቆጠር የአድማ ጥሪ ወረቀት ያባዛችው ጆ አን ሮቢንሰን ናት፤ እንደ እኔ የኮሌጅ መምህር ነበረች። በአውቶቡስ ላይ የሚደረገውን መለያየት በሕግ ያፈረሰው የ1956ቱ ፍርድም በአራት ሴቶች ስም የቀረበ ክስ ነበር፤ ኮልቪን አንዷ ናት። ዓለም ግን የሚያስታውሰው የማርቲን ሉተር ኪንግን ድምፅ ነው። ነሐሴ 1963 በዋሽንግተን በተደረገው ታላቅ ሰልፍ ከዋና ተናጋሪዎቹ አንዲትም ሴት አልነበረችም፤ ዴዚ ቤትስ ጥቂት ዓረፍተ ነገሮችን ተናግራ ወረደች። ከዚያም ቀደም ሲል በአላስካ ኤልዛቤት ፔራትሮቪች የተባለች የትሊንጊት ተወላጅ በምክር ቤት ፊት ቆማ ተከራክራ እ.ኤ.አ. በ1945 መድልዎን የሚከለክል ሕግ እንዲጸድቅ አድርጋለች። ስንቶቻችን ስሟን ሰምተናል?

አሜሪካኖቹ ከእኛ የሚለዩት በመዘንጋታቸው አይደለም፤ እነርሱም ዘንግተዋል። የሚለዩት ተመልሰው በመፈለጋቸው ነው። የእስር መዝገብ ተገለበጠ፤ የፍርድ ቤት መዝገብ ተነበበ፤ አሮጊቶች በስማቸው ተጠይቀው ቃላቸው ተቀዳ። ኮልቪን ዛሬ የምትታወቀው ወረቀቱ ስለ ተገኘና እርሷም ስለ ተጠየቀች ነው። በእኛ ዘንድ ደግሞ ወረቀቱ ትንሽ ነው። የአዊ ሴት ታሪክ ያለው በአፍ ነው፤ አፉም በአዊኛ ይናገራል። መዝገቡን የያዙት አሮጊቶች ደግሞ በየዓመቱ እየተለዩን ነው።

እዚህ ላይ «አገው እንደ ሕዝብ ገና ሙሉ ዕውቅና አላገኘም፤ አሁን ወንድና ሴት እያላችሁ አትከፋፍሉን» የሚል ድምፅ ሊነሣ ይችላል። ስጋቱ ይገባኛል። ነገር ግን ያ ድምፅ የሚናገረው ንግግር አዲስ አይደለም። በ1960ዎቹ «መጀመሪያ መደብ» ተባለ፤ በ1967 «መጀመሪያ አብዮት» ተባለ፤ በ1980ዎቹ «መጀመሪያ ብሔረሰብ» ተባለ። ሴቷ ሁልጊዜ ሁለተኛ ናት፤ ሁለተኛውም ተራ አይደርስም። ለአማራ ክልል ሕገ መንግሥት እርሷ አዊ ናት፤ ለሴቶች ጉዳይ ጽሕፈት ቤት እርሷ ሴት ናት፤ ለግብርና ጽሕፈት ቤት የአርሶ አደሩ ባለቤት ናት። ሦስቱንም በአንድ ጊዜ የሆነችዋን አንዲት ሰው የሚቀበል መስኮት የለም። አንድን ሕዝብ የሚከፋፍለው ግማሹን መጥራት አይደለም፤ ግማሹን ሳይጠሩ ማለፍ ነው።

ጉዳዩን ዛሬ ያነሣሁት በምክንያት ነው። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ክልላችን በጦርነት ውስጥ አልፏል። ይህም ዘመን አንድ ቀን ይጻፋል። እንደ ቀደሙት ዘመናት ከጻፍነው ምን እንደሚሆን ከወዲሁ መናገር ይቻላል። የአዛዦች ስም፣ የጦር ግንባሮች ስም፣ የድርድር ቀናት ይሰፍራሉ። መንገድ በተዘጋበት ወር በእግሯ ተጉዛ ለምጥ የተያዘችን ጎረቤት ያደረሰች፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ልጆች ሰብስባ ፊደል ያስቆጠረች፣ ጥቃት ደርሶባት ማንም ያልጠየቃት ሴት «ሕዝቡ መከራ አየ» በሚለው ዓረፍተ ነገር ውስጥ ትገባለች። እንደገና በብዙ ቁጥር ውስጥ ትሰወራለች።

ስለዚህ የማቀርበው ሐሳብ ትልቅ በጀት የሚጠይቅ አይደለም። አንደኛ፣ የእንጅባራ ዩኒቨርሲቲና የዞኑ የባህል ባለሙያዎች አብረው የአረጋውያን ሴቶችን ቃል በአዊኛ ይቅዱ፤ በራሷ ቋንቋ፣ በራሷ ስም፣ በራሷ ፈቃድ። ከአበራሽ ታሪክ የተማርነው ይህ ነው፤ ስሟ ይጠራ ወይም አይጠራ የምትወስነው እርሷ ናት። ሁለተኛ፣ ጥር 23 ቀን የፈረሰኞቹ ሰልፍ ሲያልፍ ስንቅ ያዘጋጁትና የውስጥ አርበኞች የነበሩት ሴቶች የሚታሰቡበት አንድ ሰዓት በመርሐ ግብሩ ይግባ። ፈረሱ አይጎድልበትም። ሦስተኛ፣ እኛ መምህራን የተማሪዎችን ንቅናቄ ስናስተምር የማርታን ስም ከዋለልኝ ስም ጋር በአንድ ዓረፍተ ነገር እንጥራ። ይህ ለመፈጸም የማንንም ፈቃድ አይጠይቅም።

የመጨረሻው ለአንባቢዬ የቤት ሥራ ነው። በሚመጣው ሰንበት እናትህን ወይም አያትህን ጠይቃት፤ አንቺም ጠይቂያት። በ1967 መሬት ሲደላደል በማን ስም ተመዘገበ? በ1989 ሽግሽግ ጊዜ ስብሰባ ላይ ተናግራ ነበር ወይ? ምን አለች? የተናገረችውን ጻፉት። ስትጽፉ ግን አደራ፣ «ተናገሩ» ብላችሁ በብዙ አትጻፉ፤ በነጠላ «ተናገረች» በሉ።

ቸር ይግጠመን።